እናቴ ገበያ ሄደ

ሶዶ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራው የእኔ ሆነ ጋሼ! ሰላምታው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙልኝ። ዛሬ ጠዋት ሲስተር ዓመለወርቅ ቢሮዋ አስጠርታ ደብዳቤ ሰጠችኝ። «ወይዘሮ ብርነሽ፣ የሆስፒታሉ የአስተርጓሚዎች አስተባባሪ» ይላል። ማኅተሙ ሳይደርቅ ስለያዝኩት አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ ዋለ፤ እኔም ሆን ብዬ አልታጠብኩትም። አሥራ ስምንት ዓመት መወልወያ ይዤ የዞርኩበት ሕንፃ ውስጥ አሁን ወንበርና ጠረጴዛ አለኝ ማለት ነው።

አሁን ሰላምታ። ለታላቅ ወንድሜና ለመምህሬ ለጋሼ ደገፉ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። የኛንጋቶም በረሃ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? እኔ፣ ባለቤቴ ሻንቆና ልጆቹ ደህና ነን። እዚያ የስልኩ ነገር ተስፋ ስለሌለው ይህን ለቤተ ክርስቲያናችሁ መኪና ሾፌር ለኤርሳዶ እሰጠዋለሁ። ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዓመቴ፤ እጄ ራሱ ተገርሟል።

ለምን ለአንቺ ሰጡሽ ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። የሚመደቡት ዶክተሮች የእኛን ቋንቋ አያውቁም። ከዲምቱና ከበዴሳ የሚመጣው በሽተኛ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። መሐል ላይ ማን ነበር? ወለሉን የምታጸዳው ሴትዮ። «ብርነሽ፣ እስቲ ነይ፣ ምን እያሉ ነው?» ሲሉኝ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ እገባለሁ። በዚህ ዓይነት ለስንት ሺህ ሰው እንዳስተረጎምኩ እኔም አላውቅም። አሁን በደመወዝ የሚሠራ ሥራ ሆነ፤ ሦስት አስተርጓሚዎችም በሥሬ አሉ። ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ ወይ ይጸናልኛል ወይ ይነሳብኛል።

እውነቱን ልንገርዎ? ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ «ተሳስተናል፣ ደብዳቤውን መልሺ» የሚለኝ ይመስለኛል። ሰው ባለፈ ቁጥር በሩን አያለሁ። ይመርቁኝ ጋሼ። የእርስዎ ምርቃት ከመጣልኝ ይሄ ነገር ይለቀኛል።

እህትዎ ብርነሽ


ካንጋተን፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርነሽ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ደስታሽንም ተካፍያለሁ።

ምርቃት ጠይቀሽኛል። ከምርቃት በፊት ግን ምክር ልስጥሽ። ሆስፒታል የሰው ነፍስ ያለበት ቦታ ነው። አማርኛሽን ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። በቤታችን ቋንቋ ለወንድም ለሴትም የምንለው «ኔኒ» ብቻ ነው፤ አንቺም ይህንኑ ይዘሽ ሴቱን አንተ፣ ወንዱን አንቺ ስትይ ኖረሻል። ኃላፊ ሆነሽ ስትሳሳቺ የሚስቀው ሰው ብዙ ነው። አሥረኛ ክፍል የሆነውንም አትርሺ። ያኔ ነገሩን አለሳልሼ ውጤትሽን በመሰረዝ ብቻ ባላስቆመው ኖሮ ከትምህርት ቤት ትባረሪ ነበር። አሁን ግን የሚሸፍንልሽ የለም።

ሳትዋረጂ በጊዜ በገዛ ፈቃድሽ ብትለቂው ትሕትና ነው። አስቢበት። ሻንቆን ሰላም በዪልኝ።

ወንድምሽ ወንጌላዊ ደገፉ


ሶዶ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ደገፉ፣

እንደምን ሰነበቱ? ምክርዎ ደርሶኛል። ልክ እንዳሉትም ሆኗል፤ ደስ ይበልዎት።

ባለፈው ማክሰኞ ከክልል አንዲት ትልቅ ኃላፊ መጡ። በረንዳው ላይ ተሰልፈን ተቀበልናቸው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ «እንኳን ደህና መጡ» እያልኩ ሳጠና ነበር፤ ሻንቆ ራሱ ሰልችቶት ከቤት ወጣ። ሴትዮዋ እኔ ጋ ደርሰው እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ከአፌ የወጣው «እንኳን ደህና መጣህ» ነው። ለሴትዮዋ! እሳቸው እንኳ ፈገግ ብለው እጄን አጥብቀው ጨበጡኝ። የመዝገብ ቤቱ ታምራት ግን ከኋላዬ ሆኖ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ «የአስተርጓሚዎቹ አለቃ ለራሷ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሦስቱ ልጆች፣ በሥሬ ያሉት፣ መሬት መሬት አዩ። ከሳቁት ይልቅ እነሱ ናቸው የገደሉኝ።

ከዚያ ምን አደረግሽ ይሉኝ ይሆናል። የእርስዎን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ወረቀት ለምኜ «በገዛ ፈቃዴ ወደ ጽዳት ሥራዬ እንድመለስ» ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሲስተር ዓመለወርቅ አነበበችና መነጽሯን አውልቃ «ይህን ማን ጻፈው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «እጅሽ መጻፉንማ አያለሁ። ማን ጻፈው ነው የምልሽ?» ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችና፣ አንደኛ ፎቅ ካለችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ስምንት ጊዜ ሄጄ ካልጨረስኩ እንደማትፈርምበት ነገረችኝ። ያመመኝ ነገር የለም ብላት አልሰማችኝም።

ተናድጃለሁ ጋሼ። በታምራት፣ በሲስተር፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ምላሴ። ትንሽ በእርስዎም። ለምን እንደሆነ ግን እኔም ገና አላወቅኩትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ብርነሽ


ካንጋተን፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርነሽ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ማመልከቻ ማስገባትሽም መልካም ነው።

ነገር ግን ኤርሳዶ የነገረኝ አስጨንቆኛል። ያ አንደኛ ፎቅ ያለው ክፍል የአእምሮ ሕሙማን የሚገቡበት ነው ይላል። የወንጌላዊ እህት በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ ምእመኑ ምን ይላል? ጭንቀት ካለብሽ ጸሎት አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሉ። የቤተሰብን ነገር ለማታውቂው ሰው አውጥቶ መናገርም ደግ አይደለም።

ለመሆኑ ስለ እኔ ምን ነገርሻት?

ወንድምሽ ወንጌላዊ ደገፉ


ሶዶ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ደገፉ፣

ስለ እርስዎ ምን እንደነገርኳት ጠይቀውኛል። እኔን ምን እንዳስጨነቀኝ ግን አልጠየቁኝም፤ ልብ ብየዋለሁ። እሺ፣ ሁሉንም ልንገርዎ። ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ባለሙያዋ ናጂያ ትባላለች። ከወራቤ የመጣች፣ ሻርፗን አሳምራ የምታስር፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ነች። እትዬ ነው የምትለኝ። በመጀመሪያው ቀን ልታስደስተኝ ብላ በእኛ ቋንቋ አናገረችኝ። ወንበሩን እያሳየችኝ ተቀመጪ ልትል ፈልጋ ጠጪ አለችኝ። ሁለቱ ቃላት እንደሚቀራረቡ እርስዎ ያውቃሉ። ወንበር ጠጪ! ሳቄ አመለጠኝ። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቃት እሷም አብራኝ ስትስቅ ነበር። ከዚያ በአማርኛ «እትዬ ብርነሽ፣ አሁን ይቺ ባለሙያ ነኝ ብላ የምታታልል ናት አልሽኝ?» አለች። ኧረ በፍጹም፣ አንቺ የሰው ቋንቋ እየተማርሽ ነው አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ዝም ስትል ታናድዳለች፤ ሰዓት እያላት አትቸኩልም። ያልኩት ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ እኔው መጣ።

ጸሎት ላሉት እየጸለይኩ ነው፤ ተይ ያለኝ የለም። ክፍሉም ኤርሳዶ እንዳለው አይደለም። ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮትና አንድ ሶፍት ያለበት ክፍል ነው።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በደነገጥኩ ቁጥር የሆነውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ለራሴ ያልኩትን እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ጽፌ ወስጄ ጮክ ብዬ ሳነብላት ከሥር ያለው ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው። ዶክተሩ አመሰገነኝ፤ ኮራጅ። አንዲት እናት ጉንጬን ሳመችኝ፤ ኮራጅ። ስሜ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ኮራጅ። ናጂያ «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የራሴ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው የእርስዎ ስም ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ዶክተር ፈጥኖ ሲናገር «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» እንድል አዘዘችኝ። ከዚህስ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር። አልገባኝም ካልኩማ አለቀ፣ ታወቀብኝ ማለት ነው። ግን አልኩ። ዶክተሩ ለአንዲት የበዴሳ ሴት መድኃኒት ሲያዝ ይድገሙልኝ አልኩት። ሲደግመው በባዶ ሆድ የሚዋጠውንና ከምግብ በኋላ የሚዋጠውን እሱ ራሱ አገላብጦት ኖሯል። አስተካክሎ አመሰገነኝ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ከሥር ምንም አልጻፍኩም።

ከዚያ የአሥረኛ ክፍሉን ቀን እንዳወራላት ጠየቀችኝ። አወራሁላት። እርስዎ የአማርኛ መምህራችን ነበሩ። በፈተናው ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ሁለተኛ የወጣችው ከአጠገቤ የምትቀመጠው የሹሙ ልጅ ሰብለ። በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ከፍ አድርገው ይዘው «በሁለቱም ድርሰት ላይ ‹እናቴ ገበያ ሄደ› የሚል አንድ ዓይነት ስሕተት አለ። አንዷ ከሌላዋ ኮርጃለች» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ። ውጤቴ ተሰረዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሁሉ ኮራጅ አለኝ። እኔም ሳላውቀው ወደ ሰብለ ወረቀት አይቼ ይሆናል ብዬ አመንኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ጋሼ፣ እንዳመንኩ።

ናጂያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ሰብለ ቤት የሚነገረው ምን ቋንቋ ነበር?» አለችኝ።

አማርኛ አልኳት። እናትና አባቷ ለሥራ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ልጅቷ ሌላ ቋንቋ አታውቅም ነበር። ብዬ ሳልጨርስ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

በአማርኛ አፏን የፈታች ልጅ «እናቴ ሄደ» ብላ ትጽፋለች? ይህን ስሕተት የምንሳሳተው እኛ ነን እኮ! ስሕተቱ የእኔ ነው። ስሕተቱ የእኔ ከሆነ ድርሰቱም የእኔ ነው። የኮረጀችው እሷ ናት፤ ስሕተቴን ሳይቀር ነው የኮረጀችው።

ናጂያ ይህን ለማየት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ያውም የሩቅ አገር ልጅ። እርስዎ የዚህ አገር ልጅ ነዎት። የአማርኛ መምህር ነዎት። ወንድሜ ነዎት። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ያን ቀን ያውቁ ነበር?

ብርነሽ


ካንጋተን፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርነሽ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንደምን ከርመሻል፣ ሻንቆ እንደምን ነው፣ ልጆቹስ? እዚህ ዝናቡ ዘግይቷል። ኦሞ ግን ከላይ ሞልቶ መጥቶ በወንዙ ዳር የተዘራውን ማሽላ ወስዶታል። የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ አንስቶት ነበር፤ አሁን ተመትቷል። ወገቤን እያመመኝ ነው። ፍየሎቹ ደህና ናቸው።

የጠየቅሽኝን በአካል ስንገናኝ እናወራዋለን። የቆየ ነገር ነው። ያኔ ሁላችንም ልጆች ነበርን።

ኤርሳዶ ስለቸኮለ እዚህ ላይ አበቃለሁ።

ወንድምሽ ወንጌላዊ ደገፉ


ሶዶ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደገፉ፣

ፍየሎቹ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል።

ሁላችንም ልጆች ነበርን ትላለህ። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንተ ሃያ አራት ሞልቶህ ከረባት ታስር ነበር።

አዎ፣ አንተ ብዬሃለሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንተና አንቺን አትለይም እየተባልኩ የኖርኩ ሴት ይህቺን አንዷን አውቄ ነው የጻፍኳት። እርስዎ እለው የነበረው መምህሬን ነው። መምህሬ ግን ያውቁ ነበር ወይ ስለው ስለ ማሽላ መለሰልኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም። ሳህን ሳጥብ እናደዳለሁ። ደረጃ ስወጣ እናደዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር መሐል ላይ እናደዳለሁ። ሻንቆ «አንቺ ሴት፣ ቆጮው ምን አደረገሽ?» ይለኛል፤ ለካ ስቆርጠው እየደበደብኩት ነው። ናጂያ ንዴቱን አትዋጪው፣ ለባለቤቱ መልሺለት አለችኝ። ባለቤቱ አንተ ነህ። ይኸው ተረከብ።

ለታምራት የእሱን ድርሻ መልሼለታለሁ። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት አማርኛዬን ደግሞ ሊቀልድበት ጀመረ። ቆምኩና «ታምራት፣ ሳቅ፣ ያስቃል። ግን አንተ እዚሁ ሶዶ ተወልደህ፣ ካርዷ የጠፋባት የዲምቱ እናት መስኮትህ ላይ ስታለቅስ አንዲት ቃል ልትነግራት አልቻልክም። የጠራኸው እኔን ነው» አልኩት። እሱም ካርድ መፈለግ ጀመረ፤ ማን ካርድ እንደጠየቀው አላውቅም።

ማመልከቻዬ አሁንም የሲስተር ዓመለወርቅ መሳቢያ ውስጥ ነው። ናጂያ ዘንድ የምሄድበት ስምንተኛው ቀን ሐምሌ ላይ ነው። ሰላምታ አልፈልግም፤ ዝናብም አትጻፍልኝ። አውቅ ነበር ወይም አላውቅም ነበር በል።

ብርነሽ


ካንጋተን፣ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርነሽ፣

አውቅ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ኤርሳዶን ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን መለስኩት።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ሰልፉ ፊት ስወጣ አላውቅም ነበር፤ ይህን እመኚኝ። ያወቅኩት እዚያው ቆሜ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ ሳነበው ነው። ጆሮዬ ሰማው። እናታችን አማርኛ ስትናገር እንዲህ ነበር የምትናገረው። ግን ተማሪው በሙሉ ያየኛል፣ ዳይሬክተሩ ከኋላዬ ቆሟል። የሰብለ አባት ደግሞ ቅጥሬን የሚያጸናው ሹም ነበር። እኔም የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ ብርነሽ። አሥር ቀን ነበር የቀረኝ። ጣቴ ወደ አንቺ ሄደ። ለገዛ እህቱ እንኳ የማያዳላ መምህር ተባልኩ። ተጨበጨበልኝ።

በሳምንቱ ሰብለ ቤት ድረስ መጥታ እያለቀሰች እኔ ነኝ የኮረጅኩት አለችኝ። ዝም በዪ ብዬ ሰደድኳት። ሸፍኜልሻለሁ ስልሽ የኖርኩት ራሴን ሸፍኜ ነው። ሥራውን አገኘሁ ብለሽ ስትጽፊልኝም ደስ ያላለኝ ለዚህ ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር ሰው አንቺን ያያል፤ አንቺን ያየ ደግሞ ያን ቀን ያያል ብዬ ፈራሁ።

አንተ ማለትሽ ተገቢ ነው። ይቅር በዪኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ምን ላድርግ?

ደገፉ


ሶዶ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሥራዬ ጸናልኝ! ነሐሴ 22 ቀን ተፈረመ። ደብዳቤህን ኤርሳዶ ያደረሰልኝ ነሐሴ 26 ነው። ቀኑን እየቆጠርኩ የምነግርህ ወድጄ አይደለም፤ የአንተን ቃል ጠብቄ እንዳልሆነ እንድታውቀው ነው።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ ወንድሜ። ወገብህን ተሽሎሃል ወይ?

ሐምሌ ላይ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ናጂያ «ወንድምሽ ጭራሽ ባይመልስልሽስ?» አለችኝ። አሰብኩበት። ዝም ብዬ ማሰብ እኔም ተምሬያለሁ። ከዚያ «ባይመልስም ድርሰቱ የእኔ ነው» አልኳት። ከዚያ ክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሲስተር ዓመለወርቅ ሄድኩና ማመልከቻዬን ተቀብዬ እፊቷ ቀደድኩት። እሷም «አጀብ፣ ደግሞ ወረቀቱ የመንግሥት ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ናጂያን ግን ጨርሼ አልለቀቅኳትም። በወር አንዴ እሄዳለሁ። ያ ቃል አሁንም አንዳንዴ ይመጣል፤ ሲመጣ የማን እንደሆነ ስለማውቅ ብዙ አይቀመጥም።

አማርኛዬ ያው ነው። ትናንት ሥራ አስኪያጁን፣ ጢማሙን ሰውዬ፣ «አንቺ» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄ፣ አስተካክዬ፣ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ደብዳቤህን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «አውቅ ነበር» የሚለው ላይ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። «ተጨበጨበልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት፤ ሁለት ቀን አላየሁትም። አሥር ቀን! እኔ ለአሥር ቀን ተሸጥኩ። አሁንም ተናድጃለሁ ደገፉ። ደስታዬም ንዴቴም አንድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ይህን ደብዳቤ እየጻፉ ነው። በሰብለ አልተናደድኩም፤ ልጅ ነበረች፣ መጥታም ተናግራለች። ይቅርታውን በተመለከተ፣ አልጠየቅከኝም፤ እኔም በወረቀት አልሰጥህም።

ምን ላድርግ ላልከው ግን መልስ አለኝ። ለሥራዬ ደስታ ድግስ አለን፤ ሻንቆ በሬ ተካፍሏል፣ የቃሪያው ዳጣ ተዘጋጅቷል፣ ድንኳን ለእድሩ ተነግሯል። ዶክተሮቹ ይመጣሉ፣ ናጂያ ትመጣለች፣ ሲስተር ዓመለወርቅና ሦስቱ አስተርጓሚዎቼ ይመጣሉ፣ ታምራትም ተጠርቷል። በዴሳ ያሉት ዘመዶቻችንና አብረውኝ የተማሩት ሁሉ ይመጣሉ። ከምግቡ በፊት አንተ ትነሳለህ። የጻፍክልኝን ሁሉ ትናገራለህ፤ አሥሩን ቀን፣ ጣትህን፣ ጭብጨባውን። በአማርኛ አይደለም፤ በአማርኛ መሸሸግ ታውቅበታለህ። በቤታችን ቋንቋ፣ እናታችን አፍ ባስፈታችን ቋንቋ ትናገራለህ። እኔ ከጎንህ ቆሜ ለእንግዶቹ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። አልጨምርብህም፣ አልቀንስልህም፤ ሥራዬ ነው። ከጨረስክ በኋላ ከእኔ ጋር አንድ ሳህን ላይ ትበላለህ፤ ተናደድኩ እንጂ አስርብሃለሁ አላልኩም።

ኤርሳዶ ሐሙስ ጠዋት ተነስቶ አንተን ይዞ እንዲመጣ ተስማምተናል፤ ወገቤን ብትለው እንኳ አስተኝቶ ያመጣሃል። ቀኑ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው፤ መስከረም 24፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ እኛ ቤት። ሰው ሁሉ ይምጣ፤ አንተ ደግሞ ቀድመህ ና።